የእስጢፋኖስ ፓውዛ

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እስጢፋኖስ ሞኝ አልነበረም፤ ወረቀት ግን ይዞ ነበር። እኔ እንዳየሁት ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ይበቃል።

ጎፋ በነበረው ጋራዣችን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ዛሬ ፈርሷል። ጡረታዬ ግን ከሆነ ቦታ በየወሩ ስለሚመጣ፣ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ ላስቀረው አልፈልግም። ሥራችን የፈነዳ የውሃ ቧንቧ እየተከታተሉ መጠገን ነበር። እኔ መኩሪያ ሹፌሩ ነኝ። ሞልቱ ቆፋሪውና ቧንቧ ገጣሚው ነው። እስጢፋኖስ ደግሞ የመኪናውንም፣ ውሃ የሚስበውን ሞተርም ሽቦ የሚያውቅ ሰው ነበር።

የዱራሜ ልጅ ነው። ሚስዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የተማረው ከመጽሐፍ ቅዱስ ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ሁሉ ለሱ ምዕራፍና ቁጥር አለው። የባትሪ ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ እንኳ አንብቦ ካልጨረሰ ባትሪውን አያወጣውም። እኛ ሽቦ ሲቃጠል ሸቶን «ቶሎ በል እንጂ!» እያልን ስንጮኽ፣ እሱ መነጽሩን በቱታው ጫፍ ይወለውላል። ጥፍሩ ሥር ቅባት የሌለበት የጋራዥ ሰው በዕድሜዬ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ጠጅ ቤት ስንጋብዘው አይቀርም፤ መጥቶ ብርዝ ያዛል። ብርዙንም «አልፈላም አይደል?» ብሎ አሳላፊዋን ሁለት ጊዜ ይጠይቃታል።

ጴንጤ ነበር። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሑድ እሑድ መካኒሳ እሱ ቤት ይሰበሰባሉ። መዝሙሩን በሹክሹክታ ስለሚዘምሩት ጎረቤቱ ዜማውን እንጂ ቃሉን አያውቀውም ነበር። እኔ የአቦ ልጅ ነኝ፤ በሃይማኖቱ አልገባበትም። ያናደደኝ ሌላ ነው። ሰውየው መዋሸት አይችልም። አይዋሽም አላልኩም፤ አይችልም ነው ያልኩት። አንድ ጠዋት ያረፈደው ሁሉ በሩ ላይ ለጥበቃው «ታክሲ ጠፍቶ ነው» እያለ ሲገባ፣ እስጢፋኖስ ተራው ደረሰና «ካልሲዬን ስፈልግ ነው» አለ። ስሙ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳምንት ሙሉ ከረመ።

በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ የአሥረኛው የአብዮት በዓል ባንዲራ ገና ከየአጥሩ ሳይወርድ፣ ከአንድ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር አዲስ መኪና መጣልን። ሰማያዊ፣ ባለ ስድስት ጎማ ነው። ከጋቢናው በላይ ወደ ኋላ የዞረ ትልቅ ፓውዛ ነበረው። ፓውዛው የተሰቀለው ከመኪናው ጀርባ ጉድጓድ ውስጥ ለሚሠራ ሰው እንዲያበራ ነው። እኔ ሳየው የመጣልኝ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ይህን አብርቼ ብሄድ ከኋላዬ ያለ ነጂ ማን ደፍሮ ይቀድመኛል? ሹፌር ነኝ፤ ሐሳቤ ከዚያ አይርቅም።

ከመቀመጫው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ቀጭን መጽሐፍ ተገኘ። እኔ ገጹን እየገነጠልኩ መስታወት ልወለውልበት ነበር። እስጢፋኖስ ከእጄ ነጠቀኝ።

ጄኔቫ ላይ የብዙ አገር ሰዎች ተሰብስበው ስለ መኪና መብራት የተስማሙበት ደንብ ነው። የትኛው ነጭ፣ የትኛው ቀይ፣ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚታሰር፣ ወዴት እንደሚዞር። «ሰዎቹ ሥራ የላቸውም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ይኼ ነው ሥራቸው» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይነቅል። ስለኛ ፓውዛ የሚናገረው ግማሽ ገጽ ነበር። የሥራ መብራት ለጉዞ አይደለም ይላል። መኪናው ቆሞ ሥራ ሲሠራበት ይበራል፤ ሲሄድ ሌላውን ነጂ እንዳያሳውር ጠፍቶ ይሄዳል። ይህችን ግማሽ ገጽ እስጢፋኖስ በሦስት ሳምንት ወደ አማርኛ መለሳት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ ነበረን። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ላቀው ከጋዜጣ አንብበው ይጨርሱና «ሐሳብ ያለው ጓድ?» ይላሉ፤ አዳራሹ እንደ ልማዱ ጫማውን ያያል። በዚያን ቀን እስጢፋኖስ እጁን አወጣ። ጓድ ላቀው ከደስታቸው ብዛት ብድግ ብለው ነው መድረኩን የለቀቁለት። እሱም ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ «ስለ ሥራ መብራት፤ አንቀጽ አንድ» ብሎ ጀመረ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። አንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ያልገባን መስሎት ሁለት ጊዜ አነበበልን። ሲጨርስ ያጨበጨበው ሞልቱ ብቻ ነበር። በኋላ «ምን ገብቶህ ነው?» ስንለው፣ «እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስለ ጉድጓድ የሚያወራ ሰው ሰምቼ አላውቅም» አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእስጢፋኖስ ስም ጄኔቫ ሆነ። ጥበቃው ሳይቀር «ጄኔቫ ገባ፣ ጄኔቫ ወጣ» ይል ነበር።

እንግዲህ ደንቡ «ቆሞ ሲሠራ» ይላል። መኪና መቆሙን ሽቦ በምን ያውቃል? እስጢፋኖስ ሁለት ቀን አሰበና የፓውዛውን ሽቦ በእጅ ፍሬኑ ሥር አሳለፈው። የእጅ ፍሬን ካልተሳበ ፓውዛ የለም፤ የእጅ ፍሬን ከተሳበ ደግሞ መኪናው አይሄድም። ሲያዩት ያምራል። አንድ ችግር ብቻ ነበረው፤ እኔ የእጅ ፍሬን ስቤ አላውቅም።

እኔ ብቻ አይደለሁም። የጋራዣችን አሮጌ መኪኖች የእጅ ፍሬናቸው ከሞተ ዘመን የለውም፤ እኛን ያሳደገን ታኮ ነው። ስትቆም ወርደህ ከጎማው ሥር ድንጋይ ትደግፋለህ፣ ስትነሣ ድንጋይህን ይዘህ ትገባለህ። ሹፌር ማለት ድንጋይ መምረጥ የሚያውቅ ነው። የእጅ ፍሬን የሚስብ ሰው ገና መንጃ ፈቃዱን ያወጣ ወይም የኤምባሲ ሹፌር ነው ብለን እናምን ነበር። የኔ ታኮ ከአቃቂ ወንዝ ዳር የመረጥኳት፣ በአንድ ጎኗ ሾል ያለች ጥቁር ድንጋይ ነበረች። ሌላ ሹፌር «አውሰኝ» ቢለኝ ሚስትህን አውሰኝ ያለኝ ያህል ይከፋኝ ነበር፤ ሚስት ባይኖረኝም።

«ጄኔቫ፣ ፓውዛህ ሞቷል» አልኩት በመጀመሪያው ቀን።

«የእጅ ፍሬን ሳብክ?»

«ሕፃን ነኝ እንዴ?»

«አይደለህም። ለዚህ ነው እጅህ የሚደርስበት» አለኝ። ሲቀልድ ይሁን ከልቡ ይሁን ከሰውየው ፊት ማወቅ አይቻልም።

ጥቂት ወራት እንዲህ እየተነካከስን ኖርን። ግንቦት ላይ ግን ምስጢሩን አገኘሁት። የእጅ ፍሬኑ እየተሳበ ሲሄድ ጥርስ በጥርስ «ቀጭ ቀጭ» ይላል። በሁለተኛው ጥርስ ላይ ፓውዛው ይበራል፤ መኪናው ግን ትንሽ ከበድ ይለዋል እንጂ ይሄዳል። ይህን ሳውቅ የተሰማኝን ደስታ ምን ልበላችሁ፤ የጄኔቫን ጉባኤ በሙሉ ብቻዬን የረታሁ መሰለኝ። አንድ ዝናብ ያካፋ ምሽት፣ ሥራ ጨርሼ ከጎፋ ወደ መካኒሳ ስወርድ ሁለቱን ጥርስ ስቤ፣ ፓውዛዬን አብርቼ፣ ክርኔን በመስኮት አውጥቼ ሄድኩ። ከኋላዬ የነበረ ታክሲ ጥሩምባውን እየነፋ ዳር ያዘ። እሰይ አልኩ።

መካኒሳ ስደርስ ሰው ሁሉ ወደኔ እያየ እጁን ያወናጭፋል። ፓውዛውን አድንቆ መስሎኝ እኔም እጄን አወዛወዝኩ። አንዲት ሴትዮ «አንተ ሰውዬ፣ እየተቃጠልክ እኮ ነው!» ብላ ስትጮኽ ነው በመስታወት ያየሁት፤ ከኋላ ጎማዎቹ ጭስ ይትጎለጎላል። ቆምኩ። ሴትዮዋ የሳህን እጣቢ በባልዲ አምጥታ ጎማው ላይ ደፋችበት። የፍሬኑ ሸራ ከሰል ሆኗል። አዲሱ መኪና፣ የወዳጅ አገር ስጦታ፣ የጎመን ቅጠል ተለጥፎበት በገመድ እየተጎተተ ጋራዥ ገባ።

በነጋታው ጓድ ላቀው ሁላችንንም ሰበሰቡ። ጓድ ላቀው ከመኪና የሚያውቁት የኋላ መቀመጫውን ብቻ ነው፤ «አሻጥር» የሚለውን ቃል ግን አሳምረው ያውቁታል። «ፍሬኑን ማን አቃጠለው?» አሉ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል፤ ከማንም ቀድሜ ተነሣሁ።

«ጓድ፣ ሽቦው ይሆናል። ፓውዛው ከፍሬኑ ጋር ስለተያያዘ ሽቦው ፍሬኑን ይዞት ይሆናል።»

«ሽቦ ፍሬን አይዝም» አለ እስጢፋኖስ።

«ታዲያ ማን ያዘው?» አሉ ጓድ ላቀው።

እስጢፋኖስ ዞሮ አየኝ። አወቀ። ሁለተኛውን ጥርስ፣ የታክሲውን ጥሩምባ፣ ክርኔን ሳይቀር ያየ መሰለኝ። ቀስ ብሎ «አልነበርኩም። ያላየሁትን አልናገርም» አለና ተቀመጠ። ያን ጊዜ «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የፈራሁት እስር ቤት አልነበረም፤ የሹፌሮቹን ሳቅ ነበር። የእጅ ፍሬን ስቦ የሚነዳ ሹፌር ተብዬ ጎፋ ውስጥ እንዴት ብዬ እኖራለሁ?

ጓድ ላቀው ፍርዳቸውን ሰጡ። አሰብ ያለው ቅርንጫፍ አንድ ሠራተኛ ላኩልን ካለ ሰንብቷል። እስጢፋኖስ ያንን የጄኔቫ ሽቦ ነቅሎ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ያስገባል። መኪናው ቦሎውን እንዲያገኝ የምርመራ ቅጹ ላይም ይፈርማል። እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልፈረመ አሰብ የሚሄደው እሱ ነው። አሰብ በዚያ ጊዜ ሰው በቀን ሦስቴ የሚታጠብበት አገር ነበር፤ በገዛ ላቡ።

እስጢፋኖስ ማብሪያ ማጥፊያውን ለማስገባት አልተቃወመም። «ካዘዛችሁኝ አስገባለሁ» አለ። ችግሩ ቅጹ ነበር። ቅጹ ላይ «የመብራቱ አሠራር በደንቡ መሠረት ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ታትሞበታል።

«በደንቡ መሠረት የምትለዋን ሰርዙልኝና ልፈርም» አለ።

«የታተመ ቅጽ አይሰረዝም» አሉ ጓድ ላቀው።

«በደንቡ መሠረት ካልሆነ ደግሞ በደንቡ መሠረት ነው አልልም።»

በሁለት ቃል የተነሣ ወር ሙሉ እንዲህ ሆነው ተፋጠጡ። እኔ ሁለቱንም ሳያቸው ጋራዥ ውስጥ ያለው ጤነኛ ሰው ሞልቱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም አልኩ። በመሃሉ እስጢፋኖስ የተቃጠለውን ሸራ አስቀየረና፣ ማንም ሳያዝዘው የፓውዛውን መነሻ ከሁለተኛው ጥርስ ወደ አምስተኛው አዛወረው። ለምን እንዳዛወረው ለኔም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አንድ ቅዳሜ ሚስቱ ውብነሽ ቤቴ መጣች። ሰፈራችን አንድ ነው፤ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ወረድ ብሎ። ቆጮ በቅቤ ይዛልኝ መጥታለች።

«ወንድም መኩሪያ» አለችኝ። እነሱ ሰውን ሁሉ ወንድም ይላሉ፤ በዚያን ቀን ግን ቃሉን ስሰማ ዓይኔን ወደ ቆጮው መለስኩ። «አንተን ይሰማሃል። ትንሿ ልጃችን አስሟን ታውቃለህ። አሰብ ብንሄድ ደረቷ አይችለውም ብሎኛል ሐኪሙ። እሱ ብቻውን ቢሄድ ደግሞ እኔ ከሦስት ልጆች ጋር … በሌሊት ስትታፈን ተሸክሟት የሚሮጠው እሱ ነው። ፈርም በለው። አንዲት ፊርማ እኮ ናት።»

«እነግረዋለሁ» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይባርክህ» አለችኝና ወጣች። ቆጮውን በላሁት። ጣፋጭ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ሰኞ ሥራው ጠረጴዛ ድረስ ሄድኩ። ፒንሳውን ይዞ አንድ ቀጭን ሽቦ ይልጣል።

«ጄኔቫ፣ ምናለ ብትፈርም?»

«ውብነሽ ልካህ ነው።»

«ልካኝ ነው። ልጅቷን አታስብላትም?»

ፒንሳውን አስቀመጠ። «ሌት ተቀን የማስበው እሷን ነው» አለኝ። «ልፈርም ብዬ ሁለት ጊዜ ብዕር አንስቻለሁ። ግን መኩሪያ፣ እኔ የፈረምኩበትን አይቶ የሚያምን ሰው ይኖራል። ሳያይ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ።»

«ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ሰው ቅጽ አያነብም።»

«ለዚህ እኮ ነው» አለ።

ንግግራችን በዚህ አበቃ። እየተናደድኩ ወጣሁ። የተናደድኩት በሱ ነበር ብዬ ራሴን ለማሳመን ያን ቀን ሁለት ብርሌ ጠጅ ፈጀብኝ።

ሰኔ ሃያ አራት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ መካኒሳ ከአቦ በታች ባለው ቁልቁለት ዋናው ቧንቧ ፈነዳ። ውሃው ሰው ቤት እየገባ ነው ተባለ። መኪናው ቦሎ የለውም፣ ቅጹ አልተፈረመም፣ ጓድ ላቀው ግን «ውሃ ቅጽ አይጠብቅም! ውጡ!» አሉን። ወጣን። ሰማዩ ጠቁሮ፣ ዝናቡ አልቆም ብሎ፣ ገና በጊዜ ለዓይን መያዝ ጀምሮ ነበር። ሞልቱ ከቁመቱ በላይ ቆፈረ። እስጢፋኖስ የመሳቢያውን ሞተር ለማስነሣት አብሮት ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። እኔ መኪናውን ኋላ በኋላ አስጠግቼ፣ ጀርባውን ወደ ጉድጓዱ አድርጌ በቁልቁለቱ ላይ አቆምኩትና ወርጄ ታኮዬን ከኋላ ጎማው ሥር ደገፍኩ። ከዚያ ከዝናቡ ልሸሽ ወደ አንድ አጥር ሥር ሄድኩ። ኪሴ ውስጥ ቆሎ ነበረኝ።

«መኩሪያ! መብራት!» አለ ሞልቱ ከውስጥ።

«ባትሪ የለህም?»

«ባትሪ በአፌ ልያዝ? እጄ እኮ ቧንቧ ይዟል!»

ተነጫነጭኩ። ዝናቡን አቋርጬ ጋቢና ገባሁ። የእጅ ፍሬኑን ሁለት ጥርስ ሳብኩ፤ የለም። ሦስት፤ የለም። «ይህ ጴንጤ ምን አድርጎብኝ ነው!» አልኩ። አራት። አምስት ላይ በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ ነው የሳብኩት። ፓውዛው ቦግ አለ። ሞልቱ «ተባረክ!» ሲል ሰማሁ። ጄኔቫን እየረገምኩ ወርጄ ወደ ቆሎዬ ተመለስኩ።

አንድ እፍኝ ሳልጨርስ ነው የሆነው። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ጭቃው እንደ ሳሙና ሆኖ ታኮዬ ከጎማው ሥር ሸሸት አለች፤ ተንሸራታ፣ ተንከባልላ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። መኪናው አንዴ ተንቀጠቀጠ። ስንዝር ያህል ወደ ኋላ የሚሄድ መሰለኝ። ከዚያ ቆመ። አምስት ጥርስ ይዞት ቆመ። እኔ ቆሎ በሞላው አፌ ለመጮኽ ሞክሬ አልወጣልኝም፤ አጥሩን ይዤ ቁጢጥ አልኩ።

ከጉድጓዱ ውስጥ ሞልቱ ጭቃ የሆነች ድንጋይ በሁለት እጁ ከፍ አደረገ።

«መኩሪያ፣ ድንጋይህ ወድቃለች» አለኝ። «ጠብቃት እንጂ፣ እግሬን ለጥቂት ሳተችው እኮ።»

ከምን እንደተረፈ አላወቀም። እስጢፋኖስ ግን ድንጋይዋን አየ፣ ቀና ብሎ ጎማውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ፊቱ በፓውዛው ብርሃን ነጭ ሆኖ ነበር። «ሞልቱ፣ ትልቁን መፍቻ አቀብለኝ» ብሎ ጎንበስ አለ። ያን ምሽት ቧንቧው እስኪዘጋ ድረስ እግሬን በፍሬኑ ላይ አድርጌ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጥኩ። ማንም አላዘዘኝም።

በነጋታው ማለዳ ጓድ ላቀው ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሁለቱን ጥርስ፣ ክርኔን፣ የጎመን ቅጠሉን፣ ከዚያም ድንጋይዋን። ድንጋይዋ ላይ ስደርስ የያዙትን እስክሪብቶ አስቀመጡ። እሳቸውም ሰው ናቸው ለካ።

«እስጢፋኖስን ጥሩት። መጽሐፉንም ይዞ ይምጣ» አሉ በመጨረሻ።

መጽሐፉን ተቀብለው መግለጥ ጀመሩ። ከኋላ ገጽ ላይ ደንቡን የተቀበሉ አገሮች ዝርዝር ነበር። «ሃንጋሪ አለች» አሉ ደስ እያላቸው። «ቼኮዝሎቫኪያ አለች። ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው።» ጣታቸው ወደ ታች ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ፣ እንደገና ወረደ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኛ የለንም!» አሉ ብድግ ብለው። «ይህ ሰው ስምንት ወር ሙሉ አገራችን ያልፈረመችበትን ደንብ ሲያስፈጽምብን ነበር!»

እኔ ሰውየውን ላድን ገብቼ ገመዱን ያጠበቅኩበት መሰለኝ። ጓድ ላቀው ግን ተቀመጡ፣ ቅጹን ከመሳቢያ አወጡ፣ ትንሽ አሰቡና «እኛ ከሌለንበት፣ በደንቡ መሠረት የሚለው ማንንም አይጎዳም» ብለው ራሳቸው ፈረሙበት። ከዚያ ቀና ሳይሉ «ሽቦው እንዳለ ይቆይ» አሉ።

አንድ ነገር ቀረ። አሰብ ሰው እየመጣልሽ ነው ተብሎ ተጽፎላታል። የተጻፈ ደብዳቤ አይመለስም። «ደብዳቤው የሚለው አንድ ሠራተኛ ነው፣ ሙያው አልተጠቀሰም» አሉ ጓድ ላቀው፣ ጣሪያውን እያዩ። እስጢፋኖስ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት። «እኔ እሄዳለሁ» አልኩ። ደግ ሆኜ አይደለም። ቆጮው ነው።

የሄድኩ ቀን እስጢፋኖስ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኝ። ሻንጣዬን ተሸከመልኝ። ውብነሽ ለመንገድ በሶ አሲዛዋለች፤ የሆነውን ሁሉ ነግሯት እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ከሱ ባሕርይ ግን ነግሯታል። አውቶቡሱ እስኪሞላ ቆመን የልቤን ጠየቅሁት።

«ከዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለን መቼ አወቅህ?»

«በመጀመሪያው ቀን። እኔ መጽሐፍ የማነበው እስከ መጨረሻው ነው።»

«ታዲያ ማን አስገደደህ? አሰብ ልትጣል፣ ልጅህ … ለሰው አገር ደንብ!»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው። «ጄኔቫ ያሉት ሰዎች ሞልቱን አያውቁትም፤ አይተውትም አያውቁም» አለኝ። «ግን ተሰብስበው አስበውለታል። እኛ እናውቀዋለን።»

ተሳስመን ተለያየን። አሰብ እስክንደርስ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ሞልቱ ስንት ልጆች እንዳሉት ለማስታወስ ሞከርኩ። ስድስት ዓመት አብሬው ስሠራ ጠይቄው አላውቅም ነበር።